ለውሻ አንገት የሚታሰር የእንቅስቃሴ መከታተያ፦ ከጅማ ውሻ አሳዳጊዎች ተደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች

መከታ የሚባለው ውሻዬ መከታተያ ካሰረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሰፈር፣ በሉካንዳ ቤት በርና በስልክ የተጠየቅኋቸውን ከቀላሉ ጀምሬ ወደ አስቸጋሪው አስቀምጫለሁ።

ይህ መሣሪያ በትክክል የሚለካው ምንድን ነው?

በውስጡ አክስለሮሜትር የሚባል ትንሽ የእንቅስቃሴ መለኪያ አለ፤ ስልክዎን ሲያጋድሙት ስክሪኑ አብሮ እንዲዞር የሚያደርገው ዓይነት ነው። የአንገቱን እንቅስቃሴ በሦስት አቅጣጫ በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ ይመዘግባል። ስልክዎ ላይ ያለው መተግበሪያ ደግሞ ከዚያ ተነሥቶ ይህ እርምጃ ነው፣ ይህ ሩጫ ነው፣ ይህ ማከክ ነው፣ ይህ እንቅልፍ ነው እያለ ይገምታል።

ግምት መሆኑን አይርሱ። መሣሪያው ያለው አንገት ላይ እንጂ እግር ላይ አይደለም። መከታ ከሉካንዳ ያመጣሁለትን የበሬ ጉልበት ተጋድሞ ሲግጥ መተግበሪያው ሃያ ደቂቃ ሙሉ «ንቁ እንቅስቃሴ» ብሎ መዝግቦለታል። በአንጻሩ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የጅሬንን ዳገት የወጣንበት ቀንና በአዌቱ ወንዝ ዳር በሜዳው የተንሸራሸርንበት ቀን ከመተግበሪያው ተቀራራቢ የእንቅስቃሴ ነጥብ ነው ያገኙት። እኔም እርሱም የትኛው እንዳደከመን እናውቃለን፤ መሣሪያው ግን ዳገት አያውቅም።

ጂፒኤስ ያለውን ልግዛ ወይስ የሌለውን?

ሁለቱ የሚሠሩት ሥራ የተለያየ ነው። ጂፒኤስ የሌለው፣ ለምሳሌ ፊትባርክ 2 የሚባለው፣ እንቅስቃሴውን በውስጡ ያጠራቅምና ስልክዎ አጠገብ ሲደርስ በብሉቱዝ ያስተላልፋል። ሲም ካርድ አይፈልግም፤ ባትሪውም ረጅም ጊዜ ይቆያል። ውሻዎ ከጠፋ ግን የት እንዳለ አይነግርዎትም።

ጂፒኤስ ያለው፣ እንደ ኦስትሪያው ትራክቲቭ ያለው፣ ያለበትን ቦታ ከሳተላይት ምልክት አስልቶ በሞባይል ኔትወርክ ወደ ስልክዎ ይልካል። ስለዚህ መደበኛ ክፍያ አለበት፤ በየጥቂት ቀኑም ቻርጅ ይጠይቃል። አጥር እየዘለለ ለሚጠፋ ውሻ ክፍያው ተገቢ ነው። ከግቢ ወጥቶ ለማያውቅ ውሻ ለጂፒኤስ መክፈል ግን ለቆመ ባጃጅ ቤንዚን መሙላት ነው።

ኤርታግ ብናስርለት አይበቃም?

አይበቃም። ይህችን ትንሽ የዕቃ መፈለጊያ አፕል በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣት ለቁልፍና ለቦርሳ ነው፤ እንቅስቃሴ አይመዘግብም። ቦታውንም የሚያሳውቀው የአፕል ስልክ የያዘ ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ ብቻ ነው። በሰፈራችን ከአሥር ሰው የአብዛኛው እጅ ላይ ያለው አንድሮይድ ስለሆነ ውሻዎ ቆጪ ሰፈር ውስጥ ቢጠፋ አይፎን የያዘ መንገደኛ እስኪያልፍ መጠበቅ ሊኖርብዎት ነው።

በጅማ ኔትወርክና በጅማ መብራት ይሠራል?

ብሉቱዝ ብቻ ያለው የትም ይሠራል። ጂፒኤስ ያለውን ከመግዛትዎ በፊት ግን አምራቹ አገልግሎት እሰጥባቸዋለሁ ብሎ በዘረዘራቸው አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ መኖሯን ይመልከቱ። ሲሙ ብዙውን ጊዜ ከውስጥ የተገጠመ ስለሆነ አውጥተው የራስዎን ሊያስገቡ አይችሉም። በ850 እና በ1900 ሜጋኸርዝ ብቻ የሚሠራ ለአሜሪካ የተዘጋጀ የ2ጂ ዕቃም እዚህ አይሠራም፤ የእኛ 2ጂ በ900 እና በ1800 ነው። ክፍያው የሚጠየቀው በውጭ አገር የባንክ ካርድ በመሆኑ አብዛኞቻችን የምናስከፍለው ውጭ ያለ ዘመድ ነው። የእኔን የምትከፍልልኝ እህቴ ናት። አንድ ጊዜ ካርዷ ጊዜው አልፎበት መከታ ለአሥራ አንድ ቀን ከካርታው ላይ ጠፍቶ ነበር፤ እርሱ ግን ከበሩ ሥር አልተነቃነቀም።

ዘመድ «ያገለገለ አግኝቻለሁ» ብሎ ዊስል የሚባለውን መከታተያ ሊልክልዎት ከሆነ ያስቀሩት። ኩባንያው በ2025 እ.ኤ.አ. ለትራክቲቭ ከተሸጠ በኋላ የነባር መሣሪያዎቹ አገልግሎት ተቋርጧል። መብራትን በተመለከተ ብዙም አይጨነቁ፤ ባትሪው ትንሽ ስለሆነ አንድ ፓወር ባንክ ደጋግሞ ይሞላዋል። ይልቅ የሚያስቸግረው ቆርቆሮ ጣራ ነው። ውሻው ከቆርቆሮ ሥር ሲተኛ ወይም ጥላው የከበደ ዛፍ ሥር ሲገባ የሳተላይት ምልክቱ ይዛባና ነጥቡ ካርታው ላይ ወዲያ ወዲህ ይዘላል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ «ውሻዎ ከግቢ ወጥቷል» የሚል መልእክት ደርሶኝ በነጠላ ጫማ ወጥቼ ቤቱ ውስጥ ሲያንኮራፋ አግኝቼዋለሁ።

ውሻውን አይረብሸውም? አንገቱንስ አያቆስለውም?

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያክከዋል፣ ከግድግዳ ጋር ይታሽበታል፤ ከዚያ ይረሳዋል። ሠላሳና አርባ ግራም የሚመዝን ዕቃ ለትልቅ ውሻ ምንም አይደለም። ሦስት ኪሎ ለማይሞላ ቡችላ ግን ቀለል ያለውን ይምረጡ። ቀበቶውን ሲያስሩ ሁለት ጣት ከሥሩ መግባት አለበት፤ ከዚያ ከጠበቀ ቆዳውን ይቆነጥጣል፣ ከላላ ደግሞ መሣሪያው እየተወዛወዘ ያልተደረገ እንቅስቃሴ ይመዘግባል።

የጅማ ዝናብ የራሱ ጣጣ አለው። አይፒ67 የሚል ጽሑፍ መሣሪያው አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለሠላሳ ደቂቃ እንደሚቋቋም ይነግርዎታል እንጂ ስለ ውሻው ቆዳ የሚለው ነገር የለም። በመጀመሪያው ክረምት የመከታን ቀበቶ ለሁለት ሳምንት ሳልፈታው ቀርቼ ከመሣሪያው ሥር ፀጉሩ ተነቅሎ፣ ቆዳው ቀልቶ፣ የሻገተ ጨርቅ የሚመስል ሽታ ይዞ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ በየማታው ምግቡን ሲበላ እፈታለሁ፣ አንገቱን በደረቅ ጨርቅ አብሼ መዥገር እፈልጋለሁ፣ ሲጨርስ መልሼ አስራለሁ። ሌላም ነገር አለ፦ መሣሪያውን ሰንሰለት የሚገባበት ቀበቶ ላይ አያስሩ። ሰንሰለቱ እየመታ ይሰብረዋል፤ ለብቻው ቀጭን ቀበቶ ይግዙለት።

ሁለት ውሻ ካለዎት አንዱ ሲጫወት በሌላው አንገት ላይ ያለውን መሣሪያ ሊያኝከው ይችላል። ባትሪ የዋጠ ውሻ እስከ ነገ የሚታይ ጉዳይ አይደለም። በተለይ ክብ ሳንቲም መሰሉ ባትሪ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ያቃጥላል። እንዲያስመልሰው አይሞክሩ፤ በቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት።

ጨረሩስ?

ጂፒኤስ ራሱ የሳተላይት ምልክት የሚቀበል እንጂ የሚልክ አይደለም፤ ቦታውን ወደ ስልክዎ የሚልከው እንደ ስልክ በኔትወርክ የሚሠራው ክፍሉ ነው። ብሉቱዝ የሚለቀው ኃይል በሚሊዋት የሚቆጠር ነው፤ ኪስዎ ውስጥ ያለው ስልክ ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

መተግበሪያው «ውሻዎ በቂ እንቅልፍ አያገኝም» ይለኛል። ታሟል ማለት ነው?

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይህ ጥያቄ ነው፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ «አልታመመም፣ ሥራ ላይ ነው» የሚል ነው። መተግበሪያዎቹ የተሠሩት ሳሎን ውስጥ ለሚተኛ፣ ጌታው ሲተኛ ለሚተኛ፣ ጌታው ሲነሣ ለሚነሣ ውሻ ነው። የእኛ ውሻ ደግሞ ቀን ይተኛል፤ ማታ ሲፈታ ሥራ ይገባል። የመከታን ሌሊት ስልኬ ላይ ስከፍተው ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ የእንቅስቃሴው ጭረቶች ወደ ላይ መነሣት ይጀምራሉ። ወደ ስምንት ሰዓት ጅቦቹ ከቆሻሻ መጣያው ሲመለሱ አንድ ረጅም ጭረት አለ። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ደግሞ ለሱብሂ አዛን ሲባል የሰፈሩ ውሾች ሁሉ አብረው ያላዝናሉ፤ እርሱም አይቀርም። መተግበሪያው ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ስም «የተቆራረጠ እንቅልፍ» ነው።

ስለዚህ የሌሊቱን ብቻ አይዩ፤ የሃያ አራት ሰዓቱን ድምር ይዩ። ጤነኛ ጎልማሳ ውሻ በቀን ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አራት ሰዓት ሊተኛ ይችላል፤ ድምሩ ከዚያ ብዙም ካልራቀ አያስጨንቅም። ሰዓቱንም አይሳቱ፦ ስክሪኑ ላይ 02:00 የሚለው የእኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። አንዲት ጎረቤቴ ይህን ሳታስተውል «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ማን ግቢ ገብቶ ነው የጮኸው?» ብላ ሠራተኛዋን ጠይቃ ነበር።

የሚያሳስበው የዚህ ተቃራኒ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲዞር የኖረ ውሻ በድንገት ሁለት ሦስት ሌሊት ዝም ካለ መተግበሪያው «ጥሩ እንቅልፍ» ብሎ ያመሰግንዎታል፤ እርስዎ ግን ያኔ ነው መብራት ይዘው መውጣት ያለብዎት።

ቀን ቀን በሰንሰለት ለሚውል ውሻ ማሰሩ ምን ትርጉም አለው?

ብዙዎች ይህን የሚጠይቁኝ እየሳቁ ነው። እኔ ግን መሣሪያው ለውሻዬ ካደረገው ሁሉ የሚበልጠውን ያየሁት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ሥዕል ስከፍት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት መስመሩ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው። ሁለት ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ አንዷ በሩ ሲከፈት፣ አንዷ ምግቡ ሲመጣ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሁለት ጉብታ! እንደሚታሰር ለዓመታት አውቃለሁ፤ የማስረው እኔ ነኝ። በሥዕል ተዘርግቶ ሳየው ግን ስልኩን ለባለቤቴ ለማሳየት አፈርሁ። ከዚያ ጀምሮ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ግማሽ ሰዓት በገመድ ይዤው እወጣለሁ፤ እሑድ ረዘም ይላል። በአጥር በኩል ለሚያልፍ ሁሉ ይጮኽ የነበረው ጩኸትም ቀንሷል።

አሁን ደግሞ የሚያሳስተውን ልንገርዎት። ሰጦ ሰመሮ የሚኖር ጓደኛዬ የእኔን አይቶ ገዛና ውሻው በሳምንቱ ከመከታ እጥፍ ነጥብ አመጣ። ቀን ከሌሊት በሰንሰለት ላይ ነው፤ እንዴት ሆነ? ሄጄ አየሁት። ሰንሰለቱ የታሰረበትን ምሰሶ ይዞራል፤ ወደ ቀኝ ዞሮ ሰንሰለቱ ሲያጥር ወደ ግራ ይመለሳል። በዙሪያው ሣሩ ጠፍቶ ባዶ መሬት ክብ ሠርቷል። መተግበሪያው የዋንጫ ምልክት ሰጥቶታል። ጭንቀትንና ጨዋታን መሣሪያው አይለይም፤ ሁለቱም ለእርሱ እንቅስቃሴ ናቸው። ቁጥሩ ሲያድግ ከመደሰትዎ በፊት ውሻው ያንን ቁጥር የት እንዳመጣው ወጥተው ይዩ።

ውፍረት ለመቀነስ ይረዳል?

ለግቢ ጠባቂ ውሻ ብዙም ጥያቄው አይደለም፤ ከውፍረት ይልቅ ክሳት ነው የሚያጠቃው። ቤት ውስጥ ለሚኖሩት ትንንሾቹ ግን ይረዳል፣ ከምግቡ ጋር ካልታረቀ ግን ከንቱ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ 48 ላብራዶር ውሾችን ዕድሜ ልካቸውን የተከታተለ ጥናት አለ። ከአንድ ሆድ ከወጡ ጥንዶቻቸው ሩብ ያህል ያነሰ ምግብ ያገኙት ውሾች አማካይ ዕድሜያቸው 13 ዓመት ሲሆን የሌሎቹ 11.2 ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ሳህኑ ነው። ጠዋት የተመዘገበውን የአርባ ደቂቃ ጉዞ ማታ በወጥ የራሰ እንጀራና በቅባት ካካካሱት መከታተያው ምስክር ከመሆን አያልፍም።

በሽታን ቀድሞ ይነግረኛል?

የበሽታ ስም አይነግርም፤ ልማዱ መለወጡን ግን ከዓይን ቀድሞ ሊያሳይ ይችላል። የመገጣጠሚያ ሕመም ቀስ እያለ ስለሚመጣ አብሮት የሚውል ሰው አያስተውለውም፤ የወር ድምር ሲቀንስ ግን ይታያል። ማከክ የሚመዘግቡት ዓይነቶች ቁንጫና የቆዳ በሽታን ያጋልጣሉ። መድኃኒት ከጀመረ በኋላም መሻሉን በግምት ሳይሆን በሥዕል ያያሉ። ወደ ሐኪም ሲሄዱ የሠላሳ ቀኑን ስልክዎ ላይ ከፍተው ያሳዩ፤ ጅማ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናትና ሥዕሉን የሚያነብልዎት አያጡም።

አንድ የእኛን አገር ነገር ልጨምር። ባለፈው ኅዳር፣ ቡና በየግቢው በሚሰጣበት ወቅት፣ መከታ ከሰዓት በኋላ ስድስት ሰዓት ሙሉ አንድም የዕረፍት ደቂቃ አላስመዘገበም። ስወጣ እየተንቀጠቀጠ፣ እያለከለከ፣ ልቡ በደረቱ ላይ እየታየ ይመታል። ከጎረቤት ስጥ እሸት ቡና በልቶ ኖሯል። ካፌን ለውሻ መርዝ ነው፤ የጀበናው አተላም እንዲሁ። ሐኪም ዘንድ አድሮ ተረፈ። ያን ቀን ቤት ነበርሁ፤ መስኮቱ ግን ዝግ ነበር፣ የጠራኝ ስልኩ ነው።

ሌላው ነጻ የሆነ መለኪያ ነው። ውሻው በደንብ ሲተኛ ሆዱ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል ሰዓት ይዘው ለአንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። በደቂቃ ከ15 እስከ 30 ጤነኛ ነው፤ በተለያየ ቀን ተኝቶ ሳለ ከ30 ካለፈ ያስመርምሩት። ለዚህ ምንም መግዛት አያስፈልግም።

አንገቱ ላይ ይህን ካሰረ የእብድ ውሻ ክትባት ያስፈልገዋል?

ያስፈልገዋል፣ በየጊዜው። ቀበቶ ያለው ውሻ ባለቤት እንዳለው ያሳያል እንጂ መከተቡን አያሳይም። ወደ ሰው ከሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ 99 ከመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው። ልጅዎን የነከሰው ውሻ መከታተያ ቢያስርም ባያስርም ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያጥቡና ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ባለቤቱንስ ምን ያደርገዋል?

ያስነሣዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እኔ ለራሴ ብዬ አሥር ደቂቃ የማልሄድ ሰው፣ ለመከታ ብዬ በሳምንት ከዚያ በላይ እሄዳለሁ። በቤት ውስጥም ሙግት አስነሥቷል፦ ልጄ «ዛሬ እኔ አወጣሁት» ሲለኝ ስልኩን አይቼ አለማውጣቱን አውቃለሁ። ይህ ጥሩ ይሁን መጥፎ እስካሁን አልወሰንሁም።

ጉዳትም አለው። ቁጥር ሱስ ይሆናል። በዝናብ፣ ውሻው በሩን እንኳ ማለፍ ሳይፈልግ፣ ዘጠኝ ነጥብ ጎደለ ብዬ ጎትቼው የወጣሁበት ማታ ነበር። እርሱ እርጥብ፣ እኔ እርጥብ፣ ነጥቡ ሙሉ! ቡችላ ያላቸው ደግሞ ግብ ለመሙላት ብለው ያልጠና አጥንት በሩጫ ያደክማሉ፤ በበጋ እኩለ ቀን ላይ የሚያስሮጡም አሉ። ውሻ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋነኛነት በማለክለክ ስለሆነ ሙቀት በፍጥነት ይጥለዋል። ማስታወሻ መልእክቱን ማጥፋት የሚቻልበት ቦታ መተግበሪያው ውስጥ አለ፤ እኔ አጥፍቼዋለሁ።

ዘበኛው ሌሊት መንቃቱን በውሻው ልከታተል እችላለሁ?

ይህን በሹክሹክታ ነው የሚጠይቁኝ። ይቻላል፤ ውሻና ዘበኛ አብረው ሲዞሩ ሥዕሉ ይናገራል። እኔ ግን አልመክርም። አንደኛ፣ ውሻው ሲጮኽ ዘበኛው መንቃቱን ወይም መተኛቱን መሣሪያው አያውቅም፤ ሰውን ባልታየ ነገር መክሰስ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ሰውዬው ሳያውቅ እየተሰለለ ነው። ማድረግ ካለብዎት አስቀድመው ይንገሩት። የእኛ ጋሼ ሲነገራቸው «እንግዲያው እኔንም ነጥብ ስጡኛ» ብለው ሳቁ፤ አሁን ጠዋት ጠዋት የመከታን ሌሊት ስልኬ ላይ አብረን እናያለን፤ የቱ ጭረት ጅብ፣ የቱ ጭረት የሰከረ መንገደኛ እንደነበር የሚነግሩኝ እርሳቸው ናቸው።

ተመሳሳዩን ለራስዎም ያስቡ። ጂፒኤስ ያለው መከታተያ ከውሻው ጋር እርስዎም የት እንደሚሄዱ፣ በስንት ሰዓት ግቢው ባዶ እንደሚሆን ይመዘግባል። የጉዞውን ካርታ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አይለጥፉ፤ የይለፍ ቃሉን ለዕቃ አስተላላፊው ሰጥተው ከነበረ ይቀይሩት።

ውሻው ሲያረጅ ግቡን ምን ላድርገው?

መተግበሪያው ግቡን ራሱ ካልቀነሰ ባለቤቱ ገብቶ መቀነስ አለበት። ከሌሎች ውሾች ጋር የሚያወዳድረውን ገጽ ይዝጉትና ካለፈው ወሩ ጋር ብቻ ያወዳድሩት። ቀስ በቀስ መቀነስ የዕድሜ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲወርድ ግን የሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

መከታ አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ግቡን ሁለት ጊዜ ቀንሼለታለሁ። ጠዋት ስንወጣ የድሮው መንገዳችን እኩሌታ ላይ ሲደርስ አዌቱ ድልድይ አጠገብ ይቀመጣል፣ ውኃውን ያያል፣ የሚያልፉትን አህዮች ያሸታል። ወደ ሃያ ደቂቃ ይሆናል። መተግበሪያው «ዕረፍት» ይለዋል፤ በዚህ እንኳ ተስማምተናል።